አራት ሴንቲሜትር

ቢሮ ውስጥ ሁሉም «ሜትር» ነበር የሚሏት። ስሙ የወጣላት እንግዳ ሆና በሄደችበት ቤት ሳይቀር ከቦርሳዋ ሜትር መዝዛ የመስኮት ስፋት ስለምትለካ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ቤትና የሰው ቢሮ ስታሳምር ኖራለች፤ ቀለሙን፣ መብራቱን፣ ወለሉን፣ የዕቃውን አቀማመጥ። በዚህ ሁሉ ዘመን ፈቃድ አለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። የሠራችውን ያየ ሁሉ አፉን ይዞ ነበር የሚወጣው።

በዚያ ዓመት ግን አዲስ ደንብ ወጣ። ከእንግዲህ የውስጥ ዲዛይን ፕላን ላይ የሚፈርም ሰው፣ ጀማሪም ይሁን ሽበት ያወጣ፣ ተፈትኖ የሙያ ፈቃድ መያዝ አለበት ተባለ። ፈተናው ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው የጽሑፍ ነው። ሁለተኛው፣ ከሠሯቸው ሥራዎች ሁለቱን ከነፎቶውና ከነልኬቱ ማስገባት ነው። በመጨረሻ ደግሞ ፈታኞች ፊት ቀርቦ ስለ ሥራው መናገር አለ።

«በአርባ ስድስት ዓመቴ እስክሪብቶ እያኘክሁ ልፈተን!» አለች ሜትር ወሬውን ስትሰማ።

«ዋናው ማኘኩ ሳይሆን አለመዋጡ ነው» አላት መብራቴ።

መብራቴ የቢሮው የመብራት ባለሙያ ነው። ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ዲዛይኑ የገባ፣ እንደ እሷው ዕድሜው የጠና፣ ቀልድ ካላወራ ምሳ የማይወርድለት ሰው ነው። እሱም ተፈታኝ ስለነበር አብረው ሊያጠኑ ተስማሙ። በምሳ ሰዓት የሴራሚክና የጨርቅ ናሙና የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ገብተው፣ ባልተከፈቱ ካርቶኖች ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ መመሪያውን ይዞ ሌላውን ይጠይቃል። መመሪያው ለበር ማቆሚያ የሚበቃ ወፍራም መጽሐፍ ነው።

ሜትር ስለ ቀለምና ስለ ጨርቅ ሲመጣባት ጥያቄው ሳያልቅ ትመልሳለች። የፈተናውን መመዝገቢያ ቅጽም ከሁሉ ቀድማ ሞልታ ነበር። ካስመዘገበቻቸው ሁለት ሥራዎች አንደኛው የአንድ የጥርስ ክሊኒክ ማረፊያ ክፍል ነው። ሁለተኛው የታላቅ ወንድሟ ቤት።

ወንድሟን ጋሼ ነው የምትለው። የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መኪናው ተገልብጦ አከርካሪው ተጎዳና እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ከሆስፒታል ሊወጣ ወራት ሲቀሩት ሜትር «ቤቱን ለእኔ ተዉልኝ፤ በዊልቸሩ እንደ ልቡ የሚዞርበት አድርጌ ነው የምጠብቀው» ብላ ሦስት ወር ሙሉ ለፋችበት። ደረጃውን አፍርሳ ዘንበል ያለ መግቢያ አሠራች። ምንጣፍ አስነሳች። መታጠቢያ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ጥቁር አንጸባራቂ ሴራሚክ አለበሰችው። የዚያ ቤት ፎቶ አራት ዓመት የቢሮው መግቢያ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «ለሁሉም የሚመች ቤት» የሚል ጽሑፍ አለው። እሱን አይተው ሥራ የሰጧት ሰዎች ብዙ ናቸው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መብራቴ ገጹን ገለጠና፣ «እሺ ዛሬስ ቀላሉን ልጠይቅሽ፤ ይሄ ያንቺ ሰፈር ነው» አላት። «በዊልቸር የሚሄድ ሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለመዞር ስንት ስፋት ያስፈልገዋል?»

«አንድ ሜትር ከሃያ።»

«ወደቅሽ። አንድ ከሃምሳ። የበሩስ ክፍተት?»

«ሰባ ቢሆን አይበቃም?»

«ኧረ ሴትዮ! ቢያንስ ሰማንያ ነው የሚለው፤ ቢቻል ዘጠና። እየቀለድሽ ነው አይደል? የወንድምሽን ቤት የሠራሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ሜትር ሳቅ አለች። ሳቋን ግን አልጨረሰችውም።

የዚያ መታጠቢያ ቤት በር ትዝ አላት። ኮሪደሩ ላይ ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ የእንጨት መደርደሪያ አስባ ነበር። መደርደሪያው እንዲገባላት በሩን አጠበበችው። ስንት እንደሆነ አላስታወሰችም፤ ሰባ እንደማይሞላ ግን ታውቃለች። ሌላም ነገር ትዝ አላት። ሥራው ሊያልቅ ሲል ጋሼ ቤቱን ለማየት በዊልቸሩ መጥቶ በሩ ፊት ቆመና፣ «ይሄ ነገር አልጠበበም?» ብሎ ጠይቋት ነበር። እሷ ምን አለችው? «ጋሼ፣ አንተ መሪ ስትይዝ እኔ አስተምሬህ አውቃለሁ? ይሄን ለባለሙያ ተወው!» ነው ያለችው። ግንበኞቹ ሁሉ ሳቁ። ጋሼም አብሮ ሳቀ።

«ምነው፣ አመመሽ?» አላት መብራቴ።

«ምሳው ነው መሰለኝ» አለች፤ ተነስታም ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሳትደውል ወንድሟ ቤት ሄደች። እስከዚያ ቀን ሳትደውል ሄዳ አታውቅም። ሁልጊዜ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር የምትሄደው፤ ጋሼ ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቀይሮ፣ ሳሎን ተቀምጦ ይጠብቃታል።

በሩን የከፈተችላት የጋሼ ሚስት ናት። ሜትር እታበባ ነው የምትላት። እታበባ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባለች፤ ቀሚሷ ከጉልበቷ በታች ርሷል። ሜትርን ስታይ ደስ ከማለት ይልቅ ደነገጠች።

«ውይ! በሰላም ነው? ምነው ሳትደውዪ?»

«በሰላም ነው። ለፈተናው ልኬት ልወስድ ነው።»

«ቆይ፣ ቆይ አንዴ፣ ቤቱ ዝርክርክ ብሏል፤ ሳሎን ቁጭ በይ» ብላ እታበባ ወደ ውስጥ ሮጠች። ሜትር ግን አልተቀመጠችም፤ ተከተለቻት።

ዊልቸሩ ኮሪደሩ ላይ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ባዶውን ቆሟል። ከመደርደሪያው ጎን ያለው ግድግዳ በወንበሩ ጎማ ተፍቆ ቀለሙ ረግፏል። ጋሼ ውስጥ ነበር። ዝቅ ያለች የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከቧንቧው ብረት ላይ ወፍራም ገመድ ታስሯል፤ ገመዱ በየቦታው ተቋጥሯል። በአንድ እጁ እንዳይወድቅ ቋጠሮውን ጨብጦ፣ በሌላው እጁ መሬቱን እየገፋ፣ በርጩማዋን ከነራሱ ወደ በሩ እየጎተተ ነበር። ያ ጥቁር ሴራሚክ ውሃ ሲነካው እንደ በረዶ እንደሚያንሸራትት ያን ጊዜ ነው ያየችው። ከሥሩ አሮጌ ፎጣዎች ተነጥፈውበታል።

ጋሼ ቀና ሲል አያት። እታበባ ገመዱን ለመፍታት እጇን ዘርግታ መሃል ላይ ቆመች፤ አሁን ምን ዋጋ አለው እንደማለት እጇን መለሰች።

«እንደምን አደርሽ?» አላት ጋሼ ከመሬት።

ሜትር አጎንብሳ ልትረዳው ስትል «ተይው፣ እኛ እናውቅበታለን» አላት እታበባ። ከኋላው ገብታ በብብቱ ሥር ይዛ፣ «አንድ፣ ሁለት» ብላ አንስታ ዊልቸሩ ላይ አስቀመጠችው። ለብዙ ጊዜ የሠሩት ሥራ መሆኑ ያስታውቃል፤ አንዲትም የተሳሳተች እንቅስቃሴ የለችበትም። ሜትር ሽምቅቅ ብላ ከመደርደሪያዋ ጋር ተጣብቃ ቆመች።

ጋሼ ልብሱን ለብሶ ሳሎን ሲመጣ እሷ መታጠቢያ ቤቱን ለክታ ጨርሳ ነበር። የበሩ ክፍተት ስልሳ ሁለት ሴንቲሜትር። ቀጥሎ የዊልቸሩን ስፋት ለካች። ስልሳ ስድስት።

«እሑድ እሑድ ስመጣ ታዲያ...» ብላ ጀመረች።

«እሑድማ ጠዋቱን እንጨርስና ገመዱን እንፈታዋለን» አለች እታበባ። «በርጩማዋን ጓዳ አስገባታለሁ። ምን ላድርግ? አይታ ትከፋለች አለኝ።»

«አራት ዓመት?»

«በየቀኑ አይደለም እኮ» አለ ጋሼ ነገሩን ለማቅለል። «አንዳንድ ቀን ጓሮ ውሃ ታወጣልኛለች። ፀሐይም አለ፣ ደስ ይላል።»

«ቅንድብህ ላይ ያለው ጠባሳ... የቁም ሳጥን በር መታኝ ያልከኝ...»

ጋሼ መስኮት መስኮቱን አየ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች ሜትር። «ባለጌ ናት ብላችሁ እንኳ ለምን አልተቆጣችሁም?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ!» አላት ጋሼ። «የፎቶ ሰውዬውን ይዘሽ የመጣሽ ቀን ፊትሽን ብታዪው! ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ እዚህ ቤት ሰው ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። እንዴት ብዬ በሩ አያስገባኝም ልበልሽ?»

የፎቶው ቀን ትዝ ሲላት ሜትር ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ካሜራው ሲደገን ዊልቸሩ ከኋላ ይታይ ነበር። «እሱን ዞር አድርጉልኝ፣ ፎቶውን ያበላሽብኛል» ያለችው እሷ ናት። እታበባ ጋሼን አንስታ ወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ፎቶው ተነስቶ እስኪያልቅ፣ ሁለት ሰዓት ያህል፣ እዚያው ግድግዳ ተደግፎ ጠበቀ። ስትጨርስ ወጥ ቤት ገብታ «እንዴት እንዳማረ ብታይ!» ብላ ግንባሩን ሳመችው።

«ነገ ግንበኛ አመጣለሁ» አለች እየተነሳች።

«ተረጋጊ። መጀመሪያ ፈተናሽን ጨርሺ» አላት ጋሼ። «አራት ዓመት በቆየ ነገር ላይ አንድ ወር ቢጨመርበት አይገድልም።»

እንደዚያ ሲላት ውስጧን ቀለል አለው። ቀለል ስላለውም አፈረች። ግን እሺ ብላ ሄደች።

ቅጹ አንዴ ከገባ ሥራ መቀየር አይቻልም። የቀራት ፕላኑን ሥሎ ማስገባት ብቻ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ሣለችው፤ ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ ኮሪደሩን፣ ሁሉንም በትክክለኛ ልኩ። መታጠቢያ ቤቱ በር ጋ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ። ስልሳ ሁለት ብላ ብትጽፍ ማንም ፈታኝ እንደማያሳልፋት ታውቃለች። ሥራውን ብትስበው ደግሞ ቢሮው ለምን ይላታል፤ ፎቶው ለምን መግቢያው ላይ ተሰቀለ ይላታል። ማን ሄዶ ይለካዋል አለች በልቧ። ደግሞ በኋላ እኮ ዘጠና አደርገዋለሁ፤ ውሸት ሳይሆን ትንሽ የቀደመ እውነት ነው አለች። ዘጠና ብላ ጻፈች። በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥም ለዊልቸር መዞሪያ የአንድ ሜትር ከሃምሳ ክብ በኮምፓስ አዞረች። ክቡ በጣም ያምር ነበር።

መብራቴ ፕላኑን ሲያይ «እንዲህ ነዋ! ያን ዕለት ልታስደነግጪኝ ብለሽ ነው» ብሎ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። እሷ ቀና ብላ አላየችውም።

የጽሑፉን ፈተና በጥሩ ውጤት አለፈች። ያች የዊልቸር ጥያቄ መጥታ ነበር። መልሱን አክብባ ወዲያው ገጹን ገለበጠችው።

የቃል ፈተናው ቀን ሦስት ፈታኞች ረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው ጠበቋት። ሰብሳቢያቸው መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አሮጊት ነበሩ። ስለ ጥርስ ክሊኒኩ ጠየቋት፤ እንደ ውሃ ፈሰሰችላቸው። ከዚያ ሰብሳቢዋ የጋሼን ቤት ፎቶና ፕላን አወጡ።

«ይሄ ከሁሉ ደስ ብሎኛል» አሉ። «ብዙ ሰው ደረጃውን ያስተካክልና መታጠቢያ ቤቱን ይረሳዋል። አንቺ አልረሳሽም። ሰውየው ምን ይላሉ? ተመችቷቸዋል?»

«በጣም ደስ ብሎታል» አለች ሜትር።

ሰብሳቢዋ ፈገግ ብለው መጻፍ ጀመሩ። ብዕራቸው ወረቀቱ ላይ ሲጭር ይሰማታል። ጋሼ በዚያች ሰዓት በርጩማዋ ላይ ሊሆን እንደሚችል አሰበች። ጠዋት ነበር፤ ሰዓቱ ራሱ ነው።

«ዋሸሁ» አለች።

ብዕሩ ቆመ። «ምን አልሽ?»

«በሩ ዘጠና አይደለም፤ ስልሳ ሁለት ነው። ዊልቸሩ ስልሳ ስድስት ነው። አይገባም። ክቡም የለም፤ እዚያ ቦታ ላይ የእጅ መታጠቢያው ነው ያለው። ፕላኑን ያስገባሁት በሐሰት ነው።»

ከሦስቱ አንዱ ወጣት ወንድ ፈታኝ ስለ እሷ አፍሮ ወረቀቱን አጎንብሶ ያገላብጥ ጀመር። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታዲያ ሰውየው እንዴት ነው የሚታጠቡት?»

ስለ ደንቡ ይጠይቁኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። ይሄን ግን መናገር ነበረባት። ስለ በርጩማዋ፣ ስለ ገመዱ፣ ከሥሩ ስለተነጠፉት ፎጣዎች ነገረቻቸው። እያንዳንዷ ቃል ከአፏ ስትወጣ ፊቷ ይግላል።

«ለስንት ጊዜ?»

«አራት ዓመት።»

«ምንሽ ናቸው?»

«ታላቅ ወንድሜ።»

ቢያንስ እውነቱን ተናገርሽ ያላት ሰው የለም። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና፣ የሐሰት ፕላን ያስገባ ተፈታኝ ለአንድ ዓመት እንደማይፈተን፣ ለመሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ እንደሚጻፍ አስረዷት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሁን ከዚህ ስትወጪ ወዴት ነው የምትሄጂው?» አሏት።

«ወደ እሱ።»

«ሂጂ» አሏት።

ደብዳቤው ቢሮ በደረሰ ቀን ፎቶው ከመግቢያው ወረደ። ግድግዳው ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀረ፤ እስኪቀባ ድረስ በየጠዋቱ አጠገቡ ስታልፍ አንገቷን ትደፋ ነበር። መብራቴ ፈተናውን አለፈ። ያን ዓመት ሙሉ እሷ የሣለችው ፕላን ላይ የሚፈርመው እሱ ሆነ። መብራቴ አንድም ቀን ስለ ነገሩ አንስቶ አላሾፈባትም። እሱን የመሰለ ቀልደኛ ዝም ማለቱ ከስድብ በላይ ከበዳት።

ጋሼ ቤት ሥራ የጀመረችው ከቃል ፈተናው በወጣችበት ዕለት ነበር። ይሄኛውን ፕላን ግን በወረቀት አልሣለችም። ጓሮው ሲሚንቶ ላይ መታጠቢያ ቤቱን በሙሉ ልኩ በጠመኔ ሣለችው፤ በሩን፣ መቀመጫውን፣ ሻወሩን። ከዚያ ጋሼን «ግባበት» አለችው።

ጋሼ በዊልቸሩ ገባ። ዞረ። ጎማው የእጅ መታጠቢያውን መስመር አጠፋው።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ደንግጦ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብላ በጨርቅ ጠርጋ ወደዚያ ገፋ አድርጋ ሣለችው። ደግሞ ገባ። አሁን ደግሞ ክንዱ መያዣው ብረት ይሆናል ካለችው ቦታ አልደረሰም። ደግማ ሣለች። መጀመሪያ ላይ ይሉኝታ ይዞት «ይሄም ይሆናል፣ ይበቃኛል» ይል ነበር። አራተኛው ላይ ግን ሹፌርነቱ ተነሳበት።

«አይሆንም! እዚህ ጋ መሪ መጠምዘዣ የለኝም። ወደ ኋላ ስወጣ ምኑን ላየው ነው? በሩ ወደ ውጭ ይከፈት!»

እታበባ ከጓዳ በር ላይ ቆማ፣ «በሉ ፓርኪንጉን ስትጨርሱ ንገሩኝ» አለች። የጠመኔው ዱቄት በሜትር ቀሚስ ላይ እንዳለ፣ ጉልበቷ ሲሚንቶው ላይ ተልጦ፣ ሰባት ጊዜ ሣለችው።

መደርደሪያው ፈረሰ። በሩ ዘጠና ሆነ። ጥቁሩ ሴራሚክ ተነቅሎ የማያንሸራትት፣ ሸካራ፣ ግራጫ ነገር ተነጠፈ፤ መልኩ አያምርም። የመያዣ ብረቶቹ ጋሼ እጁን ዘርግቶ በነካቸው ቦታ ላይ ተተከሉ። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። በዓመቱ ሜትር ፈተናውን ደግማ ወስዳ ያለፈችው ሌላ ሥራ አስገብታ ነው፤ ይሄንን ቤት ግን ፎቶ አላነሳችውም።

ሥራው ባለቀበት ጠዋት ጋሼ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በዊልቸሩ ኮሪደሩን ይዞ ሄደ። ሜትርና እታበባ ከኋላ ተከተሉት። በሩን አልፎ ገባ፣ ዞረ፣ ሁለቱንም አየት አደረጋቸው፤ ከዚያም በሩን ስቦ ዘጋው። ቁልፉ ቀጭ ሲል ተሰማ።

ውሃው መፍሰስ ጀመረ። አምስት ደቂቃ ሆነ፣ አሥር ሆነ፣ ሃያ ሆነ። እታበባ ጭንቅ ብሏት በሩን አንኳኳች።

«ደህና ነህ? ልግባ?»

«ኧረ ተዉኝ!» አለ ጋሼ ከውስጥ፤ ድምፁ በውሃው መሃል ይሰማል። «አራት ዓመት በር ዘግቼ አላውቅም። ትንሽ ልቆይበት።»

እታበባ እጇን ከበሩ ላይ አነሳች፤ አፏን በመዳፏ ከድና ሳቀች፣ ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር። ሜትር ግን አልሳቀችም። አራት ዓመት ውስጥ ስንት ጠዋት እንዳለ በልቧ ማስላት ጀምራ መሃል ላይ ተወችው። አዲሱ የበር መቃን ላይ ያለውን የቀለም ጠብታ በጥፍሯ መፋቅ ያዘች።

«ነይ እንጂ» አለቻት እታበባ ክንዷን ይዛ። «ሰው ሲታጠብ ቆሞ ይሰማል እንዴ?»